የፈርዲናንድ ፖርሽ ሕይወትና የቮልስ ሞተር ልክ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የማኅበራችን አባል፣ ትውልዳቸው ታች ጋይንት አርብ ገበያ የሆነ መሐንዲስ፣ ከአባታቸው የወረሷትን የ1963 ሥሪት ቮልስዋገን ሊያሳድሱ ተነሥተው ምክር ጠየቁኝ። አባታቸው መምህር ነበሩ። መኪናይቱን ገዝተው ያገለገሉባትም፣ ኋላ አቅም ሲያንሳቸው በአዲስ አበባ ቤታቸው ግቢ በቆርቆሮ ከልለው ያቆሟትም እርሳቸው ናቸው። ሞተሯ በተለምዶ ባለ 1200 የሚባለው ሲሆን ፋሻው አልቆ፣ ካሚቻው ተፍቆ፣ ኮሎው በዝገት ተይዞ ነበር። የባልደረባችን ጥያቄ አጭር ነው። በነበረው ልክ ይታደስ? ወይስ 1300፣ 1500 ወይም 1600 ሞተር ይግባላት? አሳባቸው መኪናይቱ በሌላ መኪና ተጭና ሳይሆን በገዛ ጎማዋ ተጉዛ አርብ ገበያ ገብታ ከእናታቸው ደጅ እንድትቆም ነው። እናታቸው በዕድሜ ገፍተዋል፤ ስለዚህ ሥራው ቢበላሽ ሌላ ሙከራ ለማድረግ ጊዜ የሚገኝ አይመስልም።

እኔም ብዙ ሳላስብ ከሚገባው ሁሉ ትልቁን እንዲያስገቡ መከርኋቸው። አገራችን ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር በደጋ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ምክሬ ጥድፊያ የበዛበት መስሎ ተሰማኝ። ያች መኪና በመጀመሪያ ስትነደፍ ሞተሯ ይህን ያህል ይሁን ተብሎ የተወሰነበት ምክንያት ነበረ፤ የወሰነውም ሰው ትልልቅ ሞተሮችን መሥራት ያቃተው ሰው አልነበረም። የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ የዚህን ሰው ሕይወት ለመጻፍ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈርዲናንድ ፖርሽ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1875 በኦስትሮ ሁንጋሪያ ንጉሣዊ ግዛት፣ በቦሔሚያ፣ ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ የሊበሬጽ ከተማ ክፍል ናት። አባቱ አንቶን በአካባቢው የታወቀ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ስለ ሞተ የአባቱን መዶሻ እንዲወርስ የታሰበው ፈርዲናንድ ነበር። ልጁ ግን ልቡ ያዘነበለው ወደ ኤሌክትሪክ ነው። ቀን ከአባቱ ጋር ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ውሎ ማታ በራይኸንበርግ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማር ነበር፤ ገና ወጣት ሳለም በወላጆቹ ቤት በራሱ እጅ የኤሌክትሪክ መብራት አስገባ። በ18 ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በደንብ ተመዝግቦ አልተማረም፤ ከሥራ በኋላ ሹልክ እያለ ገብቶ ትምህርት ያዳምጥ ነበር። ዘግይተው የመጡለት የዶክተርነት ማዕረጎች ሁሉ የክብር ናቸው። በሙያ ማኅበራችን ውስጥ ዲፕሎማ ያለውንና የሌለውን አብዝተን ለምንለይ ሰዎች ይህ መጠነኛ ማስታወሻ ይሆናል።

በ1898 በቪየና ሎነር ከተባለ የሠረገላ ፋብሪካ ገብቶ የሠራት የኤሌክትሪክ መኪና በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ቀረበች። ሞተሮቿ በፊት እግሮቿ እምብርት ውስጥ የተተከሉ ስለሆኑ ካምቢዮም ሰንሰለትም አልነበራትም። ችግሩ ባትሪው ነበር። ሩቅ ለመሄድ ብዙ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ብዙ ባትሪ ደግሞ ራሱ ጭነት ስለሚሆን መኪናይቱ ጉልበቷን የምታባክነው ያንኑ ባትሪ በመሸከም ነው። ፖርሽ ከዚህ ለመውጣት ሲል የቤንዚን ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጨ የእግሮቹን ሞተሮች እንዲመግብ አደረገ፤ ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው ሥርዓት አንዱ ጥንት ይህ ነው። ክብደት የመሐንዲስ ዋና ጠላት መሆኑን በ25 ዓመቱ በገዛ እጁ ሥራ ተምሯል ለማለት ይቻላል። ኋላ ግን አንድ ጊዜ ረሳው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

በ1906 የአውስትሮ ዳይምለር ፋብሪካ ዋና ነዳፊ ሆነ። በ1910 የፕሪንስ ሃይንሪሽ ውድድር በተባለው ረጅም ጉዞ 5.7 ሊትር ሞተር ያላት መኪናውን ራሱ እየነዳ አሸነፈ፤ የፋብሪካው መኪኖችም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያለውን ቦታ ያዙ። በ1916 የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በ1917 ያ ሹልክ ብሎ ይገባበት የነበረው የቪየና ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። ለጉዳያችን ቅርብ የሆነችው ግን በ1922 የሠራት ትንሽ የውድድር መኪና ናት። ገንዘቡን በሰጠው በኮሎቭራት መኳንንት የቁልምጫ ስም ሳሻ ተባለች። ሞተሯ 1.1 ሊትር ብቻ ሲሆን በሲሲሊ ተራሮች በሚካሄደው የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር በምድቧ 1ኛና 2ኛ ወጣች። ጠመዝማዛና አቀበት በበዛበት መንገድ ቀላል መኪና ከትልቅ ሞተር ጋር ሊፎካከር እንደሚችል ፖርሽ እዚያ አየ፤ ትንሽ መኪና ለተራ ሰው የመሥራት አሳቡም ከዚያ ወዲህ አልተለየውም።

አሠሪዎቹ ግን አሳቡን አልወደዱለትም። ከአውስትሮ ዳይምለር ተጣልቶ በ1923 ስቱትጋርት ወደሚገኘው ዳይምለር ፋብሪካ ሄደ። በዚያ አየር በመጭመቂያ የሚመገቡ ኃይለኛ የመርሴዲስ ሞተሮች ነደፈ፤ በ1924 ከነዚህ አንዷ ታርጋ ፍሎሪዮን በጠቅላላ ውጤት አሸነፈች። ትንሽ መኪና እንሥራ ባለ ቁጥር ግን ቦርዱ ዝም አለው፤ በ1928 መጨረሻ ከዚያም ወጣ። ሽታይር በተባለው የኦስትሪያ ፋብሪካ አጭር ጊዜ ቆይቶ በ1931 በስቱትጋርት የራሱን የንድፍ ቢሮ ከፈተ። ዕድሜው 55 ነበር፤ ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ነበር፤ ቢሮውም ሥራ ለማግኘት ይቸገር ነበር። በዚህ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ጋብዛው አገሯን ካስጎበኘችው በኋላ ከፍ ያለ ሹመት ብታቀርብለትም አልተቀበለም።

ለሞተር ሳይክል ፋብሪካዎቹ ለሱንዳፕና ለኤን ኤስ ኡ በተከታታይ የትንሽ መኪና ንድፍ ሠራ። የመጀመሪያዋ በፋብሪካው ባለቤት ፍላጎት 5 ሲሊንደሮች በኮከብ ቅርጽ የተደረደሩባት፣ በውሃ የምትቀዘቅዝ 1.2 ሊትር ሞተር ነበራት፤ አልቀናትም። ሁለተኛዋ፣ የ1933ቷ፣ በአየር የሚቀዘቅዙ አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙባት ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ ሞተር ነበራት። ይህችን ያየ ሰው የቮልስን እናት አየ ማለት ነው፤ ከሩቅ ድምፅዋም ይመሳሰል ነበር ይባላል። እርስዋም ለፋብሪካ ሳትበቃ ቀረች። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በኋላ ተደግፎ በቆመው በዚህ አቀማመጥ የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ፋብሪካ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካም ቀድሞ ሠርቶበት ነበር። ታትራ ያነሣው የፓተንት ክስ በ1939 ጀርመን አገሩን ስትይዝ ተዳፍኖ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ቮልስዋገን ካሣ ከፍሎ ተዘጋ። ትልቅ ሥራ አንድ አባት ብቻ እንዳለው አድርጎ መተረክ የጋዜጠኞች ልማድ ነው፤ የእኛ ግን መሆን የለበትም።

በጃንዋሪ 1934 ፖርሽ ለጀርመን የትራንስፖርት ሚኒስቴር የሕዝብ መኪና ሊሆን የሚገባውን የሚዘረዝር ጽሑፍ አቀረበ። ሞተሩን 1.25 ሊትር ገደማ፣ ጉልበቱን 26 የፈረስ ጉልበት፣ ዋጋውን 1550 ማርክ አድርጎ ነበር ያሰበው። አዲሱ የአገሩ መሪ ሂትለር ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ፣ ቤተሰብ የምትይዝ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ7 ሊትር ያልበለጠ ቤንዚን የምትጠጣና ዋጋዋ ከ1000 ማርክ በታች የሆነ መኪና ጠየቀ። ፖርሽ በጁን 22 ቀን 1934 ከጀርመን የመኪና ፋብሪካዎች ማኅበር ጋር ውል ፈረመ። የናሙና መኪኖቹ በ10 ወር እንዲደርሱ ነበር ውሉ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ወሰዱ። ሥራው የተሠራው በራሱ መኖሪያ ቤት ጋራዥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት ለኔ ከሕይወቱ ሁሉ የሚያስደንቀው ነው፤ የሞተር ልክ የሚመረጠው እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ ነውና። ዋጋው ሲሰበር የመጀመሪያው አሳብ ሲሊንደር መቀነስ ነበር። ሁለት ሲሊንደር ከአራት ይረክሳል፤ ይህን ማንም ያስባል። ስለዚህ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ተሞከሩ፤ በሙቀት እየተያዙ አልቆዩም። ባለ ሁለት ሲሊንደር ባለ አራት ምት ሞተሮችም ተሞከሩ፤ መንቀጥቀጡና ድካሙ አላስቻለም። በመጨረሻ ፍራንትስ ክሳቨር ራይምሽፒስ የተባለ በቢሮው አዲስ ገብ የነበረ ኦስትሪያዊ ነዳፊ የጌታውን የቀድሞ አሳብ መልሶ አነሣና አራት ሲሊንደሮች የተጋደሙበት ትንሽ ሞተር ነደፈ። የዋጋ ተማኞች ሲያሰሉት ከተሞከሩት ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ረከሰ። ፖርሽም የወጣቱን ንድፍ ተቀበለ። የሲሊንደሩ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምት 64 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 985 ኩብ ሳንቲ ሜትር፣ ማለት 985 ሲሲ፣ ጉልበቱም ከ24 የፈረስ ጉልበት ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ያ ሰው ከ12 ዓመት በፊት በሳሻ ከ1.1 ሊትር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት አውጥቶ ነበር፤ በዚያው በ1934ም ለአውቶ ዩኒየን የነደፈው የውድድር መኪና 16 ሲሊንደርና ከ4.3 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ይዞ ይሮጥ ነበር። እንግዲህ ከ985 ሲሲ 24 ብቻ ያወጣው ሳይችል ቀርቶ ሳይሆን ሆን ብሎ ነው። ምቱ አጭር ስለሆነ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር የፒስቶኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 6.4 ሜትር ብቻ ነው፤ የአየር መግቢያውም ጠባብ ስለሆነ ነጂው ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ቢረግጠው እንኳ ሞተሩ ራሱን ከሚገድልበት ዙር አይደርስም። ስለዚህ የመኪናይቱ ከፍተኛ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ ልትሄድበት የምትችለው ፍጥነት ሆነ። ገዢው መካኒክ የማይቀጥር፣ ጋራዥ የሌለው፣ መኪናውን በክረምት ደጅ የሚያሳድር ሰው መሆኑ ታስቦ ውሃና ራዲያተር ቀሩ፤ በረዶ የሚሰነጥቀው፣ አቀበት የሚያፈላው ነገር እንዳይኖር ነው። ለበረዶው ግድ ላይኖረን ይችላል፤ ዓባይ በረሃ ላይ ራዲያተሩን ከፍቶ በጀሪካን ውሃ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ግን ሁለተኛው ምክንያት ይገባዋል።

በ1936 መጨረሻ ሦስት ናሙናዎች እያንዳንዳቸው ወደ 50,000 ኪሎ ሜትር እንዲነዱ ተደረገ። ኮሎዎች ተሰበሩ፤ በማቅለጥ ይሠሩ የነበሩት ተትተው በመቀጥቀጥ የተሠሩ ገቡ። በ1937 ዳይምለር ቤንዝ የሠራቸው 30 መኪኖች በድምሩ ከ2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተነዱ። የአልፕስ ተራራ መንገዶችም ከመፈተኛዎቹ መካከል ነበሩ፤ በ1935 የተከፈተው የግሮስግሎክነር መንገድ ከፍተኛ ነጥብ 2504 ሜትር ነው። ለአውሮፓ ይህ የመጨረሻው ፈተና ሲሆን ለኛ ግን ደብረ ታቦር ከዚያ ከፍ ትላለች፤ ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ናት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የምናመሰግነው ሰው ብቻ ይሆንልን ነበር። ፖርሽ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በሜይ 26 ቀን 1938 የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ከሂትለር ጎን ቆሟል። ዋጋዋ 990 ማርክ ነው ተብሎ በሳምንት 5 ማርክ ቴምብር እየገዙ ከ330,000 በላይ ሰዎች ቆጠቡ፤ ከእነርሱ አንድም ሰው በዚያ ቁጠባ መኪና አልተረከበም። ፋብሪካው የጦር ሜዳ መኪና መሥሪያ ሆነ። ሠራተኞቹም በብዛት በግድ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከፖላንድና ከሶቪየት ኅብረት የተጋዙ ወንዶችና ሴቶች፣ የጦር ምርኮኞች፣ ከማጎሪያ ካምፕ የወጡ እስረኞች። ከተጋዙት ሴቶች የተወለዱ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ተለይተው በተያዙበት ቤት በብዛት አለቁ። ፖርሽ ከፋብሪካው መሪዎች አንዱ ነበር። ፖለቲካ የማያውቅ፣ ሥራውን ብቻ የሚያይ መሐንዲስ ነበር የሚል መከላከያ ብዙ ጊዜ ይቀርብለታል፤ እኔ አልቀበለውም። የኮሎን ስብራት አንድ በአንድ የሚመረምር ዓይን የሠራተኛውን ርሃብ አላየም ቢባል አያሳምንም።

ክብደትን የረሳውም በዚህ ዘመን ነው። የታንክ ንድፍ ሲጠየቅ በወጣትነቱ ወደ ሠራው ሥርዓት ተመልሶ ሁለት በአየር የሚቀዘቅዙ ባለ 10 ሲሊንደር ሞተሮች ኤሌክትሪክ እያመነጩ የሚነዱት ታንክ አቀረበ። ሞተሮቹ በሙቀት ተቃጠሉ፤ ሥራው ለተፎካካሪው ሄንሸል ተሰጠ። ቀጥሎ አይጥ የሚል የፌዝ ስም የተሰጠው 188 ቶን የሚመዝን ታንክ ነደፈ፤ ድልድይ የሚችለው አልነበረም፤ ጦር ሜዳም ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ። የጋይንት ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ነገር ማስታወሱ አይቀርም። ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጎተተው በዚያው በጋይንት ደጋ፣ በጨጨሆና በቤተ ሖር በኩል ነው። መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተቆፈረ ከ1867 መጸው እስከ 1868 መጋቢት ድረስ ወራት ፈጀ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ይገኛል።

የትንሿ መኪና ሞተር ግን በጦርነቱ ውስጥ በልኩ አደገ። የወታደሩ መኪና ከባድ ስለሆነ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም የበለጠ ጉልበት ስለ ፈለገ፣ የሲሊንደሩ ስፋት ከ70 ወደ 75 ሚሊ ሜትር ከፍ ተደርጎ ይዘቱ 1131 ሲሲ ሆነ። ምቱ አልተነካም፤ ጉልበቱ 25 ሆነ። በ985 ላይ 146 ሲሲ ጨምሮ አንድና አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ማግኘት ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ጥቅሙ በዝቅተኛ ዙር ላይ ባለው የመጎተት አቅም ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ፈረንሳዮች የሕዝብ መኪናውን ሥራ ወደ አገራቸው ለመውሰድ አስበው ፖርሽን ካነጋገሩት በኋላ በዲሴምበር 1945 ያዙት። በፓሪስ ስለ ትንሿ የሬኖ መኪና አስተያየት እንዲሰጥ ተደረገ፤ ቀጥሎም በዲዦን ወኅኒ ቤት ታሰረ። ከ70 ዓመቱ በኋላ ያሳለፈው ያ የብርድ ክረምት ጤናውን ሰበረው። ልጁ ፌሪና ልጁ ሉዊዘ ለአንድ የኢጣልያ ኩባንያ የውድድር መኪና ነድፈው በተከፈላቸው ገንዘብ ዋስ ተከፍሎለት በኦገስት 1947 ተፈታ። በዚህ መካከል ቮልፍስቡርግ ላይ ፋብሪካውን ከፍርስራሽ ያስነሣው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ነበር፤ ከ1948 ጀምሮም ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

በ1948 ፌሪ በአባቱ ቢሮ ስም የመጀመሪያዋን የፖርሽ ስፖርት መኪና በግሙንድ ሠራ። ሞተሯ ያው የቮልስ 1131 ሲሲ ነበር። ቀጥሎ የመጡት ግን የሲሊንደራቸው ስፋት ተቀንሶ 1086 ሲሲ ሆኑ፤ ምክንያቱም በውድድር ከ1100 ሲሲ በታች ያለው ምድብ ውስጥ ለመግባት ነው። ሞተር አሳንሶ ማሸነፍ የአባትየው የሳሻ ትምህርት ነበር። በ1951 ሌማን ላይ በዚያ ምድብ አሸነፉ፤ አባትየው ግን አላየም። በ1950 መጨረሻ የቮልፍስቡርግን ፋብሪካ ጎብኝቶ መኪኖቹ በመንገድ ላይ ሲርመሰመሱ ካየ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ደም ፈሶ በአንጎሉ ሽባ ሆነ፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 1951 በስቱትጋርት ዐረፈ። የተቀበረው በኦስትሪያ፣ ሴል አም ዜ ነው።

ከእርሱ ሞት በኋላ ሞተሩ ማደጉን ቀጠለ። በ1954 ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1192 ሲሲ፣ እኛ 1200 የምንለው፤ በ1960 ጉልበቱ 34 ደረሰ። በ1965 ምቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ64 ወደ 69 ሚሊ ሜትር ረዝሞ 1285 ሲሲና 40 የፈረስ ጉልበት፤ በ1966 ስፋቱ 83 ሆኖ 1493 ሲሲና 44፤ በ1970 ስፋቱ 85.5 ሆኖ 1584 ሲሲና 50። መኪናይቱ በጁላይ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስክታበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠራች፤ ያች የመጨረሻዋም 1600 ነበራት። ለ30 ዓመት ያህል ሞተሩ ሲያድግ በየደረጃው ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ የዘይት ማቀዝቀዣውም አብረው ተለውጠዋል። ሞተር ብቻውን ያደገበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ ወደ ባልደረባችን ጥያቄ። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። 34 የፈረስ ጉልበት ያለው 1200 ነፋስ መውጫ ሲደርስ 25 ገደማ ነው፤ ማለትም በጉልበት ከጦርነቱ ዘመን ሞተር ጋር ይስተካከላል። 50 ያለው 1600 ደግሞ ወደ 37 ይወርዳል፤ አንድ 1200 በሐምቡርግ ከሚሰጠው ብዙ አይበልጥም። ከዚህ አንጻር የመጀመሪያ ምክሬ ስሕተት አልነበረም። ያልተናገርሁት ሌላው ግማሽ ነው። ስስ አየር ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝንም ይቀንሳል፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳልና። በደጋ ሁለቱ አብረው ስለሚቀንሱ ይቻቻላሉ። ፈተናው ደጋው ሳይሆን ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ወፍራምና ሙቅ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል፤ ከዚያ እስከ ደጀን ድረስ መኪናይቱ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ፣ በሙሉ ጭነት ትወጣለች። ትልቅ ሞተር ያስገባ ሰው እዚያ ላይ ትልቅ ሙቀት አስገብቷል። የ3ኛው ሲሊንደር በአሮጌዎቹ ሞተሮች ከሁሉ ይበልጥ ይግላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለ ቆመበት ነው። ይህ የታረመው ማቀዝቀዣው ከ1970 ጀምሮ ወደ ጎን በራሱ ቤት ሲወጣ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ስንገናኝ ምክሬን አስተካክዬ አቀረብሁ። 1200ውን በነበረው ልክ ማደስ ለአዲስ አበባ ከተማ በቂ ነው፤ እኔም ከአባታቸው መኪና ጋር በመታመን ረገድ የምመርጠው እርሱን ነበር። ለአርብ ገበያ መንገድ ግን ያንሳል፤ በተለይም ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ያለው አቀበትና ከዋናው መንገድ ወደ ታች ጋይንት የሚታጠፈው ክፍል አለና። 1300 መልካም መካከለኛ ነው። ነገር ግን ዕቃው በቀላሉ የሚገኘው ለ1600 ነው፤ ከሁሉ ዘግይቶ ሥራው የቆመው እርሱ ነውና። 1600 ከተባለ ካሚቻው የፋብሪካው 85.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። የሞተሩ ቤት ሳይቀየር የሚገቡ ባለ 87ና 88 ሚሊ ሜትር ካሚቻዎች በገበያ ይቀርባሉ፤ ግድግዳቸው ስለሳሳ በሙቀት ቅርጻቸው ይጣመማል፤ እነዚህን ሻጩ ቢያወድስም አይቀበሉ። ካርቡራተሩ የ1600ው ባለ 34 ሚሊ ሜትር ሳይሆን ባለ 30ው፣ ቴስታታውም ለሁለት ሲሊንደር አንድ የአየር መግቢያ ያለው ይሁን። በዚህ ከፍተኛው ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ግን አይነካም። ፖርሽ የመጀመሪያውን ሞተር ያሰረው በዚሁ መንገድ ነበር። የቤንዚን ጂግለሩ ለደጋ አየር ይነስ። የማቀዝቀዣው ቆርቆሮ አንድም ሳይጎድል ይገጠም፤ አዲሱ ዓይነት የዘይት ማቀዝቀዣም ይግባ። ካምቢዮው የነበረው የ1200ው ይቆይ። የመጨረሻው ጥምርታ 4.375 ስለሆነ ከ1500ው 4.125 ይልቅ ለዳገት ይመቻል። የፍሪሲዮኑ ስፋት በሁለቱ ሞተሮች 180ና 200 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቮላኖው ከካምቢዮው ቤት ጋር መስማማቱ አስቀድሞ ይለካ። የመብራቱን ሥርዓት ከ6 ወደ 12 ቮልት መለወጥም ከዚህ ጋር ይመጣል። ፍሬኑ ደግሞ በሙሉ ይታደስ፤ ወጥታ የምትመለስ መኪና ዓባይን ሁለት ጊዜ ትወርዳለች።

ባልደረባችን ዝርዝሩን ጽፈው ሄዱ። አንድ ነገር ብቻ ተከራከሩኝ፤ የአባታቸውን ሞተር መለወጥ መኪናይቱን ሌላ ያደርጋታል የሚል ነበር። ይህን በቁጥር መመለስ አልቻልሁም። በመጨረሻ የተስማማነው የ1200ው ሞተር ቤት ከነቁጥሩ ሳይሸጥ እንዲቀመጥ ነው፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር እርሱ ስለሆነ፣ አዲሱ ሞተር መንገድ ከመውጣቱ በፊት ለውጡን ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል።